አባቴ «ቢላ አይነካኝም» ብሏል፤ የፊኛ ካንሰር ነው

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ 74 ዓመቱ ነው፤ የመንዝ ገበሬ። ሽንቱ ደም ሲቀላቅል አዲስ አበባ ወስደን አስመረመርነው። ናሙና ተወሰደና የሽንት ፊኛ ካንሰር ነው አሉን። ዶክተሩ «ወይ ፊኛው ይወጣል፣ ወይ ጨረርና ኬሞ» ብሎናል። ወንድሞቼ ኦፕራሲዮን ይሁን ይላሉ። እሱ ደግሞ «ቢላ አይነካኝም፣ ጠበሌን ልጠመቅ» ብሏል። ግራ ገባኝ።

ሲስተር (ነርስ)፦ አይዞሽ። የፓቶሎጂ ወረቀቱን፣ ማለትም የናሙናውን ውጤት፣ እይው። ካንሰሩ የፊኛውን ጡንቻ ነክቷል? ሁሉም ነገር እዚያ ላይ ነው። ካልነካ አብዛኛውን ጊዜ በሽንት ቧንቧ ገብተው ይፍቁታል። እንደ ዓይነቱም ፊኛ ውስጥ ቢሲጂ የሚባል መድኃኒት ይጨመራል፤ መጀመሪያ በሳምንት አንዴ ለ6 ሳምንት። ናሙናው ላይ ጡንቻ ከሌለ ደግሞ ድጋሚ ይፋቅ እንደሆነ ጠይቂ።

ጠያቂ፦ «ጡንቻ ነክቷል» ይላል።

ሲስተር (ነርስ)፦ እንግዲያው የኩላሊት ውጤቱን ያዢ። ሲስፕላቲን የሚባለው ኬሞ ኩላሊት ላይ ይከብዳል። ደህና ከሆነ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ይሰጣል። ጨረሩም ለሁሉ አይሆንም፤ ዕጢው በቧንቧ በኩል የተቻለውን ያህል መፋቅ አለበት። ፊኛው ስለሚቀር በኋላም በየጊዜው በካሜራ ይታያል።

የመንዝ ልጅ፦ የኛ አባት ፊኛው ወጥቶለታል። ከአንጀቱ ቆርጠው ሽንቱን በሆዱ በኩል ወደ ከረጢት አወጡት። ሲሞላ ከታች ያለውን መክፈቻ ከፍቶ ያፈሰዋል። ጋቢ ሲደርብ ማንም አያውቅም። የሚያስቸግረው ከረጢቱን ማግኘት ነው፤ የት እንደሚሸጥና ዋጋውን አስቀድማችሁ አጣሩ። እሱን ግን ያስጨነቀው ቢላው አልነበረም፣ «ይህን ይዤ ቤተ ክርስቲያን እንዴት እገባለሁ?» የሚለው ነው። የነፍስ አባቱ ካነጋገሩት በኋላ ተረጋጋ።

ከሸዋ ሮቢት፦ ጨረር ከመረጣችሁ ከሰኞ እስከ አርብ ነው፣ ለ4 ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ። ከመንዝ እየተመላለሰ አይሆንም። አዲስ አበባ የሚያርፍበት ዘመድ አለ? ወረፋውንም ዛሬውኑ ጠይቁ፤ ወረፋ ራሱ ምርጫውን ሊለውጠው ይችላል። ጤና መድን ካላችሁ የሪፈር ወረቀቱን አትርሱ።

ጋሼ፦ ልጄ፣ እናንተ ትከራከራላችሁ፤ አባትሽ ካንሰር መሆኑን ያውቃሉ? «ቁስል ነው» ተብለው ከሆነ ቢላ እምቢ ማለታቸው ምን ያስገርማል! ጠበሉን አትከልክሏቸው። ቀጠሮው ግን በጠበል ምክንያት አይለፍ።

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ ስሙን አልነገርነውም፤ ታላቅ ወንድሜ ይደነግጣል ብሎ ነው። እሁድ የነፍስ አባቱ ባሉበት እንነግረዋለን። የመንዝ ልጅ፣ አባትህ ፈቃደኛ ከሆኑ ከአባቴ ጋር በስልክ ቢያወሩልኝ?

የመንዝ ልጅ፦ ደስ ይላቸዋል። ወሬ ይወዳሉ፣ ካርድ ሙሉ።