ጋሼ የሠሩት መስቀለኛ ቃላት፦ «በሬን የሚጫን» ማነው?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ስለ መስቀለኛ ቃላት ነው፤ ግን «የአፍሪካ ረጅሙ ወንዝ» እያለ የሚጠይቀው ዓይነት አይደለም። ብሎካችን ግራውንድ ላይ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ይኖራሉ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ባለ ካሬ ደብተር ላይ ሣጥኖቹን በእስክሪብቶ እያጠቆሩ ራሳቸው ይሠሩታል። መብራት የጠፋ ማታ ደረጃው ሥር አገኙኝና አንዱን ሰጡኝ። «ፍንጩ ሁሉ ያታልላል፤ በከንቱ የገባ ቃል ግን የለበትም» አሉኝ።

ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ ስቆም አወጣዋለሁ። «ገንዘብ የሰበሰበ ታማኝ በውስጡ ከተማ ደብቋል (3)» የሚለውን ያለማንም እርዳታ አግኝቼዋለሁ። «ሰበሰበ ታማኝ» የሚለውን ክፍተቱን ረስታችሁ ካነበባችሁት መሐሉ ላይ ሰበታ ቁጭ ብላለች። ከዚያ በኋላ ግን ተገተርኩ። የቀሩኝ እነዚህ ናቸው፤ ቅንፍ ውስጥ ያለው የፊደሉ ብዛት ነው፦

«በዓሉ አልደረሰም (2)»
«ከብቱን ወደ መስክ ወስዶ ሲመለስ ተፈወሰ (2)»
«ቀለቡ ራሱን ቢስት ከከተማው ዳር ተገኘ (2)»
«ሴት ብቻ አይደለም፣ የእናቴ ልጅ (4)»
«የፀሐይ ሰዓት መግቢያ፣ በሬን የሚጫን (4)»

የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በሁለተኛው ፊደላቸው ላይ ይቋረጣሉ። በሬን የሚጫን ሲል «መዝጊያ» ይሆን እንዴ ብዬ አሰብኩ፤ አራት ፊደልም ነው። ታዲያ የፀሐይ ሰዓቱ ምን ሊያደርግ መጣ?

አቃተኝና «አገር ልስጥዎት» አልኳቸው። «የቱን?» አሉኝ። ቱሉ ዲምቱን። «እሱንማ እየኖርኩበት ነው፣ ሌላ አምጪ» ብለው ሳቁብኝ። ጎንደርን ከማስረከቤ በፊት እናንተን ልጠይቅ ብዬ ነው። እባካችሁ መልሱን ብቻ ሳይሆን መንገዱንም ንገሩኝ።

የሒሳብ ሰው፦

«በዓሉ አልደረሰም» ገና ነው። በሌሎቹ ላይ እኔም ገና ነኝ።

ቡራዩ ፎቶ ኮፒ፦

እህቴ፣ ጋሼሽ ተንኮለኛ ብቻ ሳይሆኑ ሥርዓት አዋቂም ናቸው። ተራውን መስቀለኛ ቃል እ.ኤ.አ. በ1913 ኒው ዮርክ ወርልድ የሚባል ጋዜጣ ላይ ያወጣው አርተር ዊን ነው። ይኼ የአንቺ ዓይነቱ ግን የእንግሊዞች ነገር ነው። በ1920ዎቹ ኦብዘርቨር ጋዜጣ ላይ በቶርኬማዳ የብዕር ስም የሚጽፍ ሰው አከረረው፤ ታይምስም በ1930 የራሱን ጀመረ። አንድ ወቅት ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ የገዛሁት የእንግሊዝኛ ጥራዝ ነበረኝ፤ ደንበኛ ሲጠፋ ማሽኑ አጠገብ ተቀምጬ ስታገለው ነው ሕጉ የገባኝ።

ሕጉ ይኼ ነው። ፍንጩ ሁለት ቁራጭ አለው። በአንደኛው ጫፍ የመልሱ ቀጥተኛ ፍቺ ይቆማል። የቀረው ደግሞ ፊደሎቹን እንዴት እንደምታገኚያቸው የሚያዝ መመሪያ ነው። ሁለቱ ሲሰፉ ተራ ወሬ ይመስላሉ። እኔ በልጅነቴ ጎጃም የቆሎ ተማሪ ነበርኩ፤ ሁለት ቤት የሆነችውን ቅኔ፣ ጉባኤ ቃናን፣ እስክቆጥር ደርሼ ሆዴ አሸነፈኝና ወጣሁ። ስለዚህ ለእኔ ወሬው ሰም ነው፣ ሣጥኑ ውስጥ የሚገባው ወርቅ። ልዩነቱ ቅኔ ውስጥ ሰሙም ክብር አለው፤ እዚህ ግን ከቀለጠ በኋላ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ገናን ወንድማችን አግኝቶታል፤ ምክንያቱን ግን አልነገረሽም። መመሪያ የለውም፣ ሁለት ፍቺ ብቻ። «በዓሉ» ሲጠብቅ ገና፣ «አልደረሰም» ሲላላ ገና። የኔታ ቢያዩት ኅብር ነው፣ በአንድ ቃል ሁለት ትርጉም፣ ይሉ ነበር።

ከብት ወደ መስክ የወሰደ ሰው ምን አደረገ? ነዳ። አሁን «ሲመለስ» የሚለው ሰውየውን እንዳይመስልሽ፣ ቃሉን ነው የሚያዘው። ነዳን ከኋላ ወደ ፊት መልሺው፤ ዳነ። ተፈወሰ ማለት ነው። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ እንዲህ በግሥ የሚዘጋ ፍንጭ ስታዪ ፍቺውን መጀመሪያ ከጅራቱ ፈልጊ። የሚገለበጠው ፊደሉ ነው እንጂ ድምፁ አይደለም፤ ድምፁንማ ብትገለብጪው «አደን» ይሆንና ከብቶቹ ጫካ ይገባሉ።

የቀለቡን ፍንጭ ወድጄዋለሁ። ሰው ራሱን ሳተ ሲባል ውኃ አምጡ እንላለን። እዚህ ግን ነገሩ እንደተጻፈው ነው፦ ቃሉ ራሱን፣ ማለትም የመጀመሪያ ፊደሉን፣ አጣ። ከቀለቡ ላይ «ቀ»ን ቁረጪ፤ ለቡ ይቀራል፣ ከከተማው ዳር ያለው ሰፈር። እንግሊዞቹ ለዚህ «አንገቱ ተቆረጠ» ምናምን እያሉ ይለፋሉ፤ እኛ የተዘጋጀ አነጋገር አለን። «ልቡ ጠፋ» ቢሉሽ ደግሞ መሐሉን አውጪ፤ «እግሩ አጠረ» ካሉ መጨረሻውን። የእኛ ሰው ስለ ሰውነቱ ሲያወራ ሁሉ ሳያውቀው ለዚህ ጨዋታ መመሪያ ይጽፋል።

«ሴት ብቻ አይደለም» ካለ፣ ሌላ ማን አለ? ወንድም አለ። «ወንድም ሴትም መጣ» እንደምንለው፣ መጨረሻ ላይ ያለችው ም «ጭምር» ነች። አንድ ላይ ስትነበብ የእናትሽ ልጅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ከወንድም ን አግኝተሻል፤ ስለዚህ መዝጊያ ወደቀ። የፀሐይ ሰዓት፣ ፀሐይ የምትታይበት ጊዜ፣ ቀን። መግቢያ፣ በር። ቀን እና በር ሲቀጥሉ ቀንበር። የቀረው «በሬን የሚጫን» ፍቺው ነው፣ እና ጋሼሽ እዚህ ላይ ነው ወጥመዱን የዘረጉት። «መግቢያ» የሚለውን አጠገቡ ስላስቀመጡት ዓይንሽ በሬን ሲያይ «የእኔን በር» ብሎ አነበበ። እሳቸው ግን የሚያርሰውን በሬ ነው ያሉት። በጽሑፍ አንድ ናቸው፦ በ፣ ሬ፣ ን። መዝጊያ ያልሽው ያለምክንያት አይደለም፤ እንድትዪ ተደርጎ የተሠራ ነው። ደግሞ በሩ በእርግጥ ፍንጩ ውስጥ አለ፤ ያለው ግን ዓይንሽ ባረፈበት ቦታ ሳይሆን «መግቢያ» ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ፍንጭ ለመሥራት ሰውየው ስንት ማታ እንዳመሹ እንጃ።

ለቡ ባቡር ጣቢያ ጎን፦

ቆይ፣ ለቡ «ከከተማው ዳር» የሆነው በየትኛው ካርታ ነው? የጅቡቲው ባቡር መንገደኛውን የሚጭነው እኛ ሰፈር ነው። ዳር የሚባለው ከእኛ አልፎ ነው። ሰበታም ብትሆን ሸገር ከተማ ውስጥ ገብታለች፤ ጋሼ ፍንጫቸውን ያድሱ።

ቀልዱን ትቼ ሁለት ቅሬታ አለኝ። አንደኛ፣ ገና እና ገና ሁለት ቃል ናቸው። አንዱ ይጠብቃል፣ አንዱ ይላላል። ማንም አማርኛ ተናጋሪ አያምታታቸውም፤ ታዲያ እንዴት አንድ መልስ ተደርገው ይቆጠራሉ? ሁለተኛ፣ ቀለቡ ፍንጩ ላይ ራቁቱን ነው የቆመው። ነዳን «ወስዶ» ብለው ሸፍነውት የለ? ይኼንንም «ስንቁ» ብለው መሸፈን ነበረባቸው።

ቡራዩ ፎቶ ኮፒ፦

በሁለተኛው ግማሽ መንገድ እስማማለሁ። እንግሊዞቹ አንዳንዱን ቃል እንዳለ ይሰጣሉ፣ በተለይ ፊደል ሲያምሱ ወይም ሰበታን እንደደበቁት ዓይነት ሲደብቁ። ከራሱ ሲቀነስ ግን ቢሸፈን ይሻል ነበር። ያም ሆኖ «ስንቁ ራሱን ቢስት» ቢሉ ኖሮ ይህች ልጅ እስካሁን ሰልፉ ላይ ነበረች።

በመጀመሪያው ግን አልስማማም። ሣጥኑ የሚቀበለው ፊደል ነው፤ ፊደላችን ደግሞ መጥበቅ መላላትን አይጽፍም። «ዋና» ብዬ ብጽፍልህ ወንዝ ውስጥ ነህ ወይስ ቢሮ ውስጥ? እስኪነበብ አታውቅም። ያንን ከከለከልክ ለአማርኛ ፍንጭ ሠሪ ምን ይቀረዋል? የእኔ ጥብቅነት ሌላ ቦታ ነው። ሰ እና ሠ፣ ሀ እና ሐ፣ አ እና ዐ ሣጥን ውስጥ እንደ አንድ ይቆጠራሉ ወይስ አይቆጠሩም? ይኼ ገጹ አናት ላይ መጻፍ አለበት። «ሠርግ» እና «ሰው» በመጀመሪያ ፊደላቸው ቢቋረጡ፣ ሠሪው አስቀድሞ ካልተናገረ ፈቺው የትኛውን ይጻፍ? እህቴ፣ ይህንን ጋሼን ጠይቂያቸው።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፦

ጠየቅኳቸው። «እንደ ድምፁ እቆጥራለሁ፤ በሠ የጀመረም በሰ የጀመረም አንድ ሣጥን ይበቃዋል» አሉ። የለቡን ነገር ስነግራቸው ደግሞ «እኔ ስመጣ ዳር ነበር» ብለው ቀጠሉ።

ቀንበርን ስጽፈው እጄ ላይ የነበረው ፌስታል እስኪወድቅ ነው የሳቅኩት፤ ከኋላዬ የቆሙት ሴትዮ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፣ አስረዳኋቸው፣ አልሳቁም። ቡራዩ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ «እግሩ አጠረ» ያሉትን ለጋሼ አልነገርኳቸውም፣ ለራሴ ነው የማስቀምጠው።

የመጀመሪያዬን ፍንጭ ሠርቻለሁ። መልሱን አሁን አልናገርም። ለቡ፣ ሁሉም ነገር ተሸፍኗል፣ ራቁቱን የቆመ የለም፦

«መግቢያው ላይ ሠንጋ፣ ወጥ የሚያቀላ (4)»