የተማሪዎች የአመራር ሱባኤ፦ ጸሎቱ ይብለጥ ወይስ ሥልጠናው?

ጥያቄ (መምህርና የተማሪዎች ማኅበር አስተባባሪ፣ አዲስ አበባ)

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣ በአንድ የካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ከ11ኛና ከ12ኛ ክፍል የተመረጡ ሠላሳ ያህል ተማሪዎችን ይዘን፣ ከዓርብ እስከ እሑድ በቢሾፍቱ ለሚካሄድ የአመራር ሱባኤ እየተዘጋጀን ነው። የመርሐ ግብሩ ረቂቅ ሲቀርብ ግን በአዘጋጆቹ መካከል ሐሳብ ተከፋፈለ። አንደኛው ወገን፣ ተማሪዎቹ የክፍል አለቆች፣ የክበባት ኃላፊዎችና የመዘምራን አስተባባሪዎች በመሆናቸው፣ ስብሰባ መምራትን፣ በሰው ፊት መናገርንና አለመግባባትን መፍታትን ቢሠለጥኑ ይበጃል ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ይህ ሁሉ በትምህርት ቤቱ አዳራሽም ሊሰጥ ስለሚችል፣ ከከተማ መውጣት ያስፈለገው ለዝምታ፣ ለጸሎትና ለኅሊና ምርመራ ነው ባይ ነው። አሁን በእጃችን ያለው ረቂቅ አሥራ አንድ ትምህርቶችንና አንድ የግማሽ ሰዓት የዝምታ ጊዜ ይዟል፤ እኔን በበኩሌ አልተዋጠልኝም።

ሁለተኛው ጉዳይ የተማሪዎቹ እምነት ነው። በሀገራችን እንዳሉት አብዛኞቹ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ሁሉ በእኛም ዘንድ ካቶሊካውያኑ ጥቂቶች ናቸው። ከተመረጡት መካከል የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጆች ይበዛሉ፤ ፕሮቴስታንቶችና ሙስሊሞችም አሉ። ማንም ሳይገለል፣ ማንም ሳይገደድ፣ ቅዳሴው፣ ንስሐውና ምግቡ እንዴት ቢደራጅ ይሻላል?

መልስ 1 (ካህን፣ ሱባኤ የሚመሩ)

የተከበሩ መምህር፣ ረቂቁ እንዳልተዋጠልዎ መናገርዎ ተገቢ ነው፤ በሦስት ቀን አሥራ አንድ ትምህርት ሱባኤ ሳይሆን ዐውደ ጥናት ነው። ሆኖም ጸሎትንና አመራርን እንደ ሁለት ተፎካካሪዎች ማየቱ አይጠቅምም። የኢየሱሳውያን ማኅበር መሥራች ቅዱስ ኢግናሲዮስ ዘሎዮላ ገና ወታደር ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1521 በስፔን በፓምፕሎና ውጊያ እግሩ በመድፍ ተመትቶ አልጋ ላይ በዋለበት ወቅት አንድ ነገር አስተዋለ፦ ስለ ጀግንነትና ስለ ዝና ሲያልም ለጊዜው ደስ ይለውና ኋላ ልቡ ይደርቅበታል፤ የቅዱሳንን ፈለግ ስለመከተል ሲያስብ ግን ደስታው አብሮት ይቆያል። «መንፈሳዊ ልምምዶች» የተሰኘውና ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ ሣልሳዊ እ.ኤ.አ. በ1548 ያጸደቁት የጸሎትና የኅሊና ምርመራ መመሪያ መጽሐፉ ከዚህ ትዝብት የበቀለ ነው። የክፍል አለቃ የሆነ የ17 ዓመት ልጅ «ይህን ኃላፊነት የፈለግሁት ለምንድን ነው? ለጭብጨባው ነው ወይስ ለጓደኞቼ?» ብሎ ራሱን እንዲጠይቅ ጊዜ ካልተሰጠው፣ ስብሰባ የመምራት ዘዴ ብቻውን የት ያደርሰዋል?

ስለ አፈጻጸሙ፣ ኢግናሲዮስ ራሱ ልምምዶቹ እንደ ተሳታፊው ዕድሜ፣ ትምህርትና አቅም እንዲመጠኑ አዝዟል። ሙሉው ሠላሳ ቀን ያህል የሚፈጅ ስለሆነ ከወጣቶች ያን መጠበቅ አይቻልም። ዓርብ ማታ በሩብ ሰዓት ዝምታ ጀምራችሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ከሃያ ደቂቃ የማይበልጥ አስተምህሮ ተሰጥቶ አርባ ደቂቃ ብቻቸውን ቢሄዱ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጊዜው ከፍ ቢል ይለምዱታል። ስልክ በመግቢያው ቢሰበሰብ መልካም ነው፤ መጀመሪያ ማጉረምረም አይቀርም፣ በማግሥቱ ግን የሚያነሣው አይኖርም። ማታ ማታ ቀኑን ወደ ኋላ ተመልክቶ የሚያመሰግኑበትንና የሚጸጸቱበትን ነገር በማስታወሻ ማስፈር ይበቃል።

አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ ልጨምር። ኢግናሲዮስ ልምምዱን የሚሰጠው ሰው ወደ አንዱ ወገን ሳያጋድል እንደ ሚዛን ምላስ መካከል ላይ እንዲቆምና ፈጣሪ ራሱ ከነፍሲቱ ጋር እንዲሠራ እንዲተው ይመክራል። ተማሪን ወደ ክህነት፣ ወደ ገዳም ወይም ወደ ካቶሊካዊነት ለመሳብ ሱባኤን መሣሪያ ማድረግ ከዚህ ምክር ጋር ይጋጫል።

መልስ 2 (የወጣቶች አገልጋይ፣ ሐዋሳ)

አባታችን ባሉት እስማማለሁ፤ ነገር ግን ዝምታው የሚያብሰለስሉት ተጨባጭ ጉዳይ ከሌለው ወደ እንቅልፍ ይለወጣል። ቤልጅየማዊው ካህን ጆሴፍ ካርዳይን እ.ኤ.አ. በ1925 የመሠረቱት የወጣት ሠራተኞች እንቅስቃሴ በሦስት እርምጃ ይመራ ነበር፦ ማየት፣ በወንጌል መመዘን፣ መተግበር። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛ እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጡት መልእክታቸው ይህንኑ አካሄድ ለወጣቶች መክረዋል፤ የካቶሊክ ተማሪዎች ማኅበራትም እስከ ዛሬ ይሠሩበታል።

ስለዚህ ተማሪዎቹ ከመውጣታቸው በፊት ባለው ሳምንት ከግቢያቸው አንድ ችግር መርጠው ያጥኑ። ቁርስ ሳይበሉ የሚመጡ ልጆች ጉዳይ፣ የፈተና ኩረጃ፣ በወር አበባ ምክንያት ከክፍል የሚቀሩ ሴት ተማሪዎች፣ ወይም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ከጀመረ በኋላ ልጆቹ ላይ ያደረው ጭንቀት ሊሆን ይችላል። ቅዳሜ ጠዋት ይመዝኑት፤ እሑድ ደግሞ ማን ምን እስከ መቼ እንደሚሠራ ጽፈው ይመለሱ። ችግሩን እኛ ከመረጥንላቸው ግን ሥራው የእኛ ሆኖ ይቀራል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ወጣቶች ከተካሄደው የጳጳሳት ሲኖዶስ በኋላ ባወጡት ሰነድ ወጣቶቹ ራሳቸው የአገልግሎቱ ባለቤቶች መሆናቸውን አስረግጠዋል፤ የእኛ ድርሻ እነርሱን ማገዝ ነው።

ስለ ምግቡ፣ የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ እያሉ ሁለት ድስት ከመጣድ ሥጋ ጨርሶ አለማቅረብ ይቀላል። ዓርብ ለሁሉም ሽሮ፣ ምስርና አትክልት፤ ቅዳሜና እሑድ እንቁላልና ወተት ቢጨመር አንድ ማዕድ ላይ መቀመጥ ይቻላል። ሙስሊም ተማሪዎች የጁምዓ ሰላታቸው እንዳያመልጣቸው ደግሞ አውቶቡሱ ዓርብ ከ8 ሰዓት በፊት ባይነሣ መልካም ነው። ቢሾፍቱ ቅርብ ስለሆነች ገና ሳይመሽ ትደርሳላችሁ።

መልስ 3 (የተማሪ እናት)

እኔ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ ስሆን፣ ልጄ በካቶሊክ ትምህርት ቤት ይማራል፤ ባለፈው ዓመትም እንዲህ ያለ ሱባኤ ተሳትፏል። ቅዳሴው በግዕዝ ሥርዓት ስለነበር ተሰጥኦውን እንደ ቤቱ ሲመልስ መዋሉን ነግሮኛል። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነበር። ልጄ የንስሐ አባት አለው፤ ስለዚህ እዚያ ንስሐ እንዲገባ ወይም እንዲቆርብ አልፈልግም ነበር። አዘጋጆቹ ይህን አስቀድመው በጽሑፍ ስላሳወቁን በሙሉ ልብ ላክሁት። እናንተም ለወላጅ የምትልኩት ደብዳቤ የፈቃድ ፊርማ ማስፈረሚያ ብቻ አይሁን፤ ሴቶችና ወንዶች የት እንደሚያድሩ፣ ከእነርሱ ጋር የሚያድሩት አዋቂዎች እነማን እንደሆኑ፣ ስልካቸው ሲሰበሰብ በየትኛው ቁጥር እንደምናገኛቸው ይግለጽልን። አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻውን እንደማይቀመጥም ይጻፍ፤ የግል ምክር ሰው በሚያያቸው በረንዳ ወይም በግቢው ውስጥ ሊሰጥ ይችላል።

መልስ 4 (መልስ 1ን የሰጡት ካህን)

እሜቴ፣ ያሉት ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የምሥራቅ ካቶሊካውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና፣ እንደ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ያለ የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ተከታይ በራሱ ፍላጎት ጠይቆ ተገቢው ዝግጅት ካለው ካህኑ ምስጢራቱን እንዲሰጠው ይፈቅዳል፤ ነገር ግን የልጁን ቤተ ክርስቲያን ሥርዓትም ማክበር ይገባናል፤ የእርሷ ሥርዓት ደግሞ ይህን አይፈቅድም። ስለዚህ ግብዣ አይደረግም። ንስሐ በሚሰማበት ሰዓት ሌሎቹ በዝምታ መዝሙረ ዳዊት ሊያነቡ ወይም በግቢው ሊመላለሱ ይችላሉ፤ ማን ወደ ካህኑ እንደ ሄደና ማን እንደ ቀረ የሚቆጥር ሰው እንዳይኖር ብቻ ተጠንቀቁ።

ከጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ከአዘጋጆቹ ጋር ተነጋግረን ትምህርቶቹን ወደ አራት ዝቅ አድርገናል፤ መነሻችን ዓርብ 8 ሰዓት ሆኗል፤ የሚጠናውን ችግር ተማሪዎቹ ራሳቸው በነገው ስብሰባቸው ይመርጣሉ። ስልክ በመሰብሰቡ ላይ ገና አልተስማማንም፤ ሁለት ባልደረቦቼ ወላጅ ይጨነቃል ብለው ይቃወማሉ። የወላጆችን ደብዳቤ ረቂቅ እስከ ረቡዕ እዚህ አሰፍረዋለሁ፤ በተለይ እናታችን አይተው የጎደለውን ቢጠቁሙን ደስ ይለናል።