«ሲሶው ይቆረጥ» ስትሉ፣ የትኛው ሲሶ?

ታቦር ግርጌ፦
ቅዳሜ ሐይቅ ዳር ስለ ፋንታሲ ደራሲዋ ሮቢን ሆብ መጻሕፍት ስናወራ፣ ስለ ልዑል ዲቃላው ፊትዝ የጻፈቻቸው የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ወደ አማርኛ ቢመለሱ የሚል ሐሳብ ተነሳ። አንድ ሰው ምን አለ? «ሲሶው ይቆረጥ፤ ሲሶው ልቅሶ ነው።» ግማሹ ሰው ደግሞ አጨበጨበ። ያጨበጨባችሁ እዚሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እስቲ የትኛው ሲሶ እንደሆነ በምዕራፍ ጥሩልኝ። መቀስ ያነሳ ሰው ልኩን ማወቅ አለበት።

ባጃጅ 02፦
«አንድ ሰው» እኔ ነኝ፤ ምን ያሸፋፍንሃል። ሦስተኛውን እንውሰድ። በብዙው እትም ከ700 ገጽ በላይ ነው። ፊትዝ ዙፋን የነጠቀውን አጎቱን ሬጋልን ሊገድል ትሬድፎርድ ከተማ ይሄዳል፤ አይሳካለትም። ሌላው አጎቱ፣ እውነተኛው ንጉሥ ቬሪቲ፣ በስኪል (ከሩቅ አእምሮን ከአእምሮ በሚያገናኘው ኃይል) «ወደ እኔ ና» ይለዋል። ከዚያ ይሄዳል። ከበግ ነጂዎች ጋር ይሄዳል፣ ይያዛል፣ ያመልጣል፣ ጀርባውን በቀስት ይመታል፣ ተራራ ይወጣል፣ ጥቁሩን መንገድ ያገኛል፣ እንደገና ይሄዳል። የድንጋይ ዘንዶዎቹ ተነስተው የባሕር ወራሪዎቹን ቀይ መርከቦች ሲያጠፉ ግን እሱ እዚያ የለም! ሦስት መጽሐፍ ሙሉ የጠበቅነውን ጦርነት በወሬ ሰማን። ይሄን ያላሳጠርን ምን እናሳጥር?

የሌሊት ዓይን፦
«ይሄዳል» ብለህ ጨረስክ? ጥቁሩ መንገድ እኮ ራሱ በስኪል የተሠራ ነው፤ ስኪል ያለው ሰው ሲረግጠው አእምሮው ይፈስሳል። አሮጊቷ ኬትል ማታ ማታ ጨርቅ ዘርግታ የጠጠር ጨዋታ የምታስተምረው ለምን መሰለህ? ሐሳቡን ከመንገዱ እንዲነቅል ነው። አንተ «ገበጣ ሲጫወቱ ማየት ሰለቸኝ» ብለህ ትቆርጠዋለህ። ቬሪቲ ብቻውን ሊጨርሰው ያልቻለውን የድንጋይ ዘንዶ ለመጨረስ ለምን እሷ እንዳስፈለገች ታዲያ ከየት ታመጣዋለህ? በግርጌ ማስታወሻ?

ጉዱማሌ፦
ድሮ ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ ነበር። አሁን ሲሶ ለባጃጅ። አንባቢው ጭሰኛ ሆኖ ቀረ በሉኛ 😂

አባ መዝገብ፦
ልጆች፣ አትቸኩሉ። በ1958 ዓ.ም የታተመው ፍቅር እስከ መቃብር በበዛብህና በሰብለ አይጀምርም። በቦጋለና በውድነሽ ነው የሚጀምረው። በዛብህ ተወልዶ፣ ተስሎ፣ ቆሎ ተማሪ ሆኖ፣ ዲማ ደርሶ ሰብለን እስኪያገኝ ብዙ ገጽ ይሄዳል። ሲሶው ይቆረጥ ያለ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ባጃጅ 02፦
ጋሼ፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። ሀዲስ ዓለማየሁ ሲዘገዩ ግብሩን፣ ዳኝነቱን፣ ቤተ ክህነቱን እያሳዩ ነው። ሆብ ስትዘገይ የፊትዝን ራስ ምታት ነው የምታሳየን። ስኪል ተጠቀመ፣ ራሱን አመመው፣ ኤልፍባርክ የሚባል የዛፍ ቅርፊት አፍልቶ ጠጣ፣ ደበተው። በሚቀጥለው ምዕራፍ ስኪል ተጠቀመ፣ ራሱን አመመው…

ጨውና እሳት፦
«ራስ ምታት» አልክ፤ ጥሩ፣ እዚያው እንቁም። ኤልፍባርክ ሥራው ምንድን ነው? ሕመሙን ያስታግሳል፣ ጉልበት ይሰጣል፣ ሲወርድ ደግሞ ጨለማ ያለብሳል፤ በዚያ ላይ የስኪል ችሎታን ራሱን ያደነዝዛል። ባሪያ የሚነግዱት የቻልሴድ ሰዎች ለባሮቻቸው የሚያጠጡት ጉልበታቸውን ጨምቀው መንፈሳቸውን ለመስበር ነው። ፊትዝ ደግሞ ለቬሪቲ በገዛ እጁ አፍልቶ ይሰጠው ነበር። እና ያ «ልቅሶ» የምትለው ግማሹ የቅርፊቱ ሥራ ነው። ልጁ ራሱ ይሄን አያውቅም፤ አንባቢው ከእሱ ቀድሞ ይነቃል። ለሀዋሳ ሰው ምርቃና ሲወርድ ምን እንደሚመስል ላብራራ እንዴ?

ጉዱማሌ፦
ኧረ አታብራራ፣ ጨብሲ ቤት ሂድና አስረዳ።

ባጃጅ 02፦
ግማሹ የቅርፊቱ ሥራ ከሆነ፣ ሌላው ግማሽስ? ፍቅረኛውን ሞሊን ናፈቀ፣ አልቻለም። ሬጋልን ሊገድል ቆረጠ፣ አልቻለም። ጀግና ማለት የሆነ ነገር የሚችል ነው።

የሌሊት ዓይን፦
ሁለተኛው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ እኮ ሞቶ ተቀብሯል ሰውየው! ነፍሱ በወዳጁ በተኩላው ገላ ውስጥ ተጠልላ ነው የተመለሰችው። ሦስተኛው ሲጀምር እንደ ሰው መብላት፣ እንደ ሰው መናገር እንደ አዲስ ይማራል። አንተ ከመቃብር በወጣ በወሩ ዙፋን እንዲገለብጥ ትፈልጋለህ። ያ ሌላ መጽሐፍ ነው፤ በየመደርደሪያው ሞልቷል፣ እሱን አንብብ።

አዲስ ገቢ፦
ወገኖቼ፣ እኔ አንደኛውን ገና እየጀመርኩ ነው። «ሞቶ ተቀብሯል» ማለት ምን ማለት ነው???

ጉዱማሌ፦
ይቅርታ እናቴ። ምንም አልሆነም። ደህና ነው። በጣም ደህና ነው።

ታቦር ግርጌ፦
የታተመው በፈረንጅ 1995፣ 1996 እና 1997 ነው። ሠላሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ለዚህ ምሥጢር የሚጠበቅ አይመስለኝም። ባጃጅ፣ ወደ መቀስህ ተመለስ። ከአንደኛው ምን ትቆርጣለህ?

ባጃጅ 02፦
ቡችላውን። የውሻው ነገር በጊዜ ይለቅ። ልጁ 6 ዓመቱ ነው፣ ከኖዚ ጋር ይጫወታል፣ አሳዳጊው ቡሪች ይነጥቀዋል፣ ልጁ «ገደለው» ብሎ ያምናል። አለቀ፤ በሁለት ገጽ ይነገራል።

ጨውና እሳት፦
ይኸው፣ በገዛ እጅህ አሳየኸን። ያንን ውሻ በሁለት ገጽ ከጨረስከው አንባቢው ይረሳዋል። መጨረሻ ላይ በተራራው መንግሥት፣ በልዑል ሩሪስክ ቤት፣ አርጅቶ ሲገኝ ምን ይሰማዋል? ቡሪች አልገደለውም፤ ሰጥቶት ነው። ልጁ ዓመታት ሙሉ ያሳደገውን ሰው ገዳይ ነው እያለ ሲፈራ ኖሯል። የመጽሐፉ ዋና ቁስል እዚያ ነው። አንባቢውም አብሮ ካልተሳሳተ አብሮ አያፍርም፤ እንዲሳሳት ደግሞ ጊዜ ያስፈልገዋል። ከልብ ወለድ ገጽ ስትቀንስ ብዙ ጊዜ የምትቀንሰው መረጃ አይደለም፤ አንባቢው የተሳሳተ ነገር አምኖ የሚኖርበትን ጊዜ ነው።

አዲስ ገቢ፦
ኖዚ በሕይወት አለ?! እኔ እኮ ትናንት ነው ያለቀስኩለት።

የሌሊት ዓይን፦
በይ አሁን ከዚህ ውጪ እህቴ። እውነቴን ነው፣ ውጪ።

አባ መዝገብ፦
ገጹን ትተን ስሙን ብናየው ይሻላል። ትርጉም የሚወድቀው እዚያ ነው። በዚያ አገር ባላባት ለልጁ የምግባር ስም ያወጣል። ስሙ እንዲጣበቅበት ሕፃኑን በእሳት ያሳልፉታል፣ በጨው ውሃ ይነክሩታል፣ ለነፋስ ይሰጡታል። ቬሪቲ፣ ሬጋል፣ ፔሸንስ። ይሄ እኮ የእኛው ልማድ ነው! እውነቱ፣ ንጉሤ፣ ትዕግስት። እንግሊዝኛ አንባቢ እንደ ተረት የሚያየውን እኛ ክርስትና ቤት እናውቀዋለን።

ባጃጅ 02፦
ጋሼ፣ ንጉሤ ሲባል እኔ የሚመጣብኝ ከመናኸሪያ ታቦር የሚጭን ሹፌር ነው። «ንጉሤ ወንድሙን ከዙፋን ሊገለብጥ ዶለተ» ሲባል አንባቢ ይስቃል።

ጨውና እሳት፦
ይሳቅ! ሬጋል ንጉሥ መባል ያማረው፣ ንጉሥ መሆን የማይችል ሰው ነው። ፔሸንስ ደግሞ አንድ ሥራ ጀምራ ሳትጨርስ ሌላ የምታነሳ ሴት ናት፤ «ትዕግስት» ትዕግስት የላትም። ፌዙ እኮ ስሙ ውስጥ ነው ያለው። ሬጋል ብለህ ከተውከው ለአማርኛ አንባቢ ደረቅ ድምፅ ብቻ ይሆናል።

ታቦር ግርጌ፦
በስም እስማማለሁ። «ዊት»ን ግን ምን ልትሉት ነው? ባለፈው አንዱ «ቡዳ» ብሎ ጽፎ አይቻለሁ። ተሳስቷል። ቡዳ በዓይኑ ሰው ይበላል ነው የሚባለው። ዊት ያለው ሰው ከእንስሳ ጋር በልብ ይተሳሰራል እንጂ ማንንም አይበላም። ቡሪች የሚፈራው ልጁ አውሬ ሆኖ እንዳይቀር ነው። በዚያ ላይ ቡዳ የሚለው ስድብ ብረት ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪውን ስንት ዘመን እንዳንገላታ የምናውቀው ነው። ያንን ስድብ ለጀግና ስም አናደርገውም።

የሌሊት ዓይን፦
እኔ ደግሞ የምለው፣ ለዚሁ ነው ስድብ መሆን ያለበት! በመጽሐፉ ዊት ያለበት ሰው ሲያዝ በውሃ ላይ ይሰቀላል፣ ይቃጠላል። ቃሉ ካላስደነገጠ ቡሪች ልጁን ለምን እንደሚመታው አይገባም። እነሱ ራሳቸውን ግን «የጥንት ደም» ነው የሚሉት። እና ሁለት ቃል ያስፈልጋል፤ በጠላት አፍ ስድቡ፣ በራሳቸው አፍ «የጥንት ደም»። ለስላሳ ቃል አንድ ብቻ ከመረጥክ ያ ልዩነት ሞተ።

ታቦር ግርጌ፦
ስድብ ይሁን፣ ግን የራሳችንን ሰው የሚያቆስል ስድብ አይሁን። አዲስ ይፈጠር።

የሌሊት ዓይን፦
አዲስ የተፈጠረ ስድብ ማንንም አይሰድብም።

ጉዱማሌ፦
ባጃጅ ሥራ አገኘ። ስድብ ይፍጠርልን።

ጨውና እሳት፦
ከሁሉ የሚከብደው የንጉሡ አጫዋች ነው። እንግሊዝኛው ወንድ ይሁን ሴት እንድንጠራጠር ይተወናል። «አንተ»ም «አንቺ»ም በአንድ ቃል ስለሚያልፉለት ፊት ለፊት ንግግር አያጋልጠውም። አማርኛ እያንዳንዱን ግስ ያስይዝሃል። አዝማሪዋ ስታርሊንግ አጫዋቹን «ሴት ናት» ብላ ስትጠረጥረው፣ ፊቱ ላይ «አንተ» ትበለው ወይስ «አንቺ»? አንዷን ፊደል ስትጽፍ ፈረድክ።

አባ መዝገብ፦
«አንቱ» አለ እኮ። እርስዎ ሲባል ወንድም ሴትም አንድ ነው።

ባጃጅ 02፦
ጋሼ፣ አጫዋችን አንቱ? ንጉሥ ሽሩድ እግር ሥር ቁጭ ብሎ የሚያላግጠውን?

አባ መዝገብ፦
ለዚሁ ነው እንጂ። አጫዋቹ ንጉሡን «አንተ» ይበል፣ ሌላው አጫዋቹን «አንቱ» ይበል። ዓለሙ ይገለበጥ። የቤተ መንግሥት አጫዋች ሥራው ምን ሆነና?

ጨውና እሳት፦
ጋሼ፣ ይሄ ጥሩ ነው። የሚበላሸው ግን ፊትዝ ጋ ነው። ፊትዝና አጫዋቹ አብሮ አደግ ናቸው፤ «አንቱ» ካሉ ፍቅሩ ይርቃል። ፊትዝ ደግሞ ያለ ጥርጥር ወንድ ነው ብሎ ስለሚያስብ «አንተ» ይላል፤ ያ የእሱ እምነት ነው፣ የመጽሐፉ አይደለም። ተርጓሚው ይሄን ልዩነት እስከ መጨረሻው መያዝ አለበት፤ አንድ ቦታ ከተሳተ በኋላ የሚመጡት መጻሕፍት ይፈርሳሉ። አሥራ ስድስት ናቸው፣ አንርሳ።

ባጃጅ 02፦
ስሙስ? «ሞኝ» ነው «አጫዋች»? በእንግሊዝኛ ቃሉ «ፉል» ሁለቱንም ነው።

የሌሊት ዓይን፦
ሞኝ። እውነተኛው ሞኝ ፊትዝ ስለሆነ ፌዙ እንዲቀር።

ታቦር ግርጌ፦
አጫዋች። ሞኝ ካልከው ክብሩ ይወርዳል፤ ነቢይ እኮ ነው።

የሌሊት ዓይን፦
ሞኝ።

ጉዱማሌ፦
ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ። እናንተ ደግሞ ሁለቱንም ይዛችኋል።

ባጃጅ 02፦
ከቃል ጣጣ ወጥተን፣ አንድ ነገር ማንም አልመለሰልኝም። ቡሪች ሞሊን ማግባቱ። ያሳደገውን ልጅ ፍቅረኛ! ይሄን ለእኛ አገር አንባቢ እንዴት ታቀርቡታላችሁ?

የሌሊት ዓይን፦
ሞቷል ብለው ነው! ሁለቱም ሞቷል ብለው! ልጅ ይዛ ብቻዋን የቀረችን ሴት ማን ይያዝ? አንተ ትይዝ ነበር?

ባጃጅ 02፦
እኔ ለ700 ገጽ አልራመድም ነበር፤ በጊዜ ደርሼ እነግራቸው ነበር።

ታቦር ግርጌ፦
ቢነግራቸው ሬጋል ሰምቶ ሁሉንም ይጨርሳቸው ነበር። አንብበኸዋል ግን?

ባጃጅ 02፦
ሁለት ጊዜ። ሁለተኛውን ጊዜ የሚቆረጠውን እያሰመርኩ።

ጨውና እሳት፦
በምን አሰመርክ?

ባጃጅ 02፦
በእስክሪብቶ።

ጨውና እሳት፦
በተዋስከው መጽሐፍ ላይ? ቅዳሜ ይዘኸው ና። ሦስቱንም።

ጉዱማሌ፦
ሲሶውን ብቻ ያምጣ ይበቃል።