ክርክር፦ የኤሲዬን ዲግሪ አከራዬ ይወስናል?

ባለጉዳዩ፦
ሰላም የአዳማ ሰዎች። ዳኝነት ፈልጌ ነው የመጣሁት።

ፍራንኮ አካባቢ ስምንት ተከራይ ባለበት ግቢ ነው የምኖረው። ቆጣሪው አንድ ነው። ቢል ሲመጣ ለስምንት ይካፈላል፣ አለቀ። ዘንድሮ ሦስታችን ኤሲ አስገባን። ቢሉ አሻቀበ። ኤሲ የሌላቸው ማጉረምረም ጀመሩ። ቅዳሜ ጠዋት ስወጣ አከራያችን እትዬ የግቢው በር ላይ ወረቀት ለጥፈዋል። ሦስት ትእዛዝ ነው፦ ኤሲ ከ25 ዲግሪ በታች አይደረግም፤ ከቤት ሲወጣ ይጠፋል፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ አይበራም።

የኔ ቤት የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው። ከላዬ ቆርቆሮ ብቻ ነው ያለው። መስኮቴ ወደ ፀሐይ መግቢያ ያያል። ሚያዝያ ላይ ከቀኑ 10 ሰዓት ግድግዳውን ብትነኩት የጋለ ምጣድ ነው። ኤሲውን በብሬ ገዛሁ፣ በብሬ አስገጠምኩ፣ ቢሉንም እከፍላለሁ። አከራይ ኪራይ ይተምን እንጂ ዲግሪ ይተምናል? ፍረዱ።

ነፋሻው፦
አይችሉም። ነገ ደግሞ ሻወር ስንት ደቂቃ ትወስዳለህ ይሉሃል። ቤቱን ካከራዩህ በኋላ ውስጡ ያንተ ነው። «ስትወጡ አጥፉ» የሚሉት ነገር ደግሞ ጭራሽ አላዋቂነት ነው። ኤሲ ኮረንቲ የሚበላው ሲነሳ ነው። እኔ 22 ላይ አድርጌ ቀኑን ሙሉ እተወዋለሁ። ቤቱ አንዴ ከቀዘቀዘ ምን ይበላል?

ጡረተኛው፦
ልጆች፣ እኔ ይቺን ከተማ ናዝሬት ስትባል ጀምሮ አውቃታለሁ። ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለነው፤ አፋር በረሃ አይደለም። ሙቀቷ የቀን ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ነፋሱ ይመጣል። ነፋስ ባይኖር እዚያ ኮረብታው ላይ ያን ሁሉ የነፋስ ተርባይን ማን ይተክለው ነበር? አዳማ አንድ 51 ሜጋዋት፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋዋት ያመነጫሉ። እናንተ ያን ነፋስ በመስኮት ከልክላችሁ፣ በኮረንቲ መልሳችሁ ትገዙታላችሁ። እኔ ኤሲ የለኝም። ቴሌቪዥንና አንድ ቦይለር፣ በቃ።

የመንትዮች እናት፦
ጋሼ፣ መስኮት ከፍተው ሲያድሩ ቢምቢ አይገባም? አምና አንዱ ልጄ ወባ ይዞት ያየሁትን አልረሳም። እኛ ሰፈር መስኮት ከፍቶ ማደር የሚቻለው ወንፊት ሽቦ ላለው ነው። አከራዬን አሠሩልኝ ብዬ ስድስት ወር ሆነኝ።

ጡረተኛው፦
እሱስ እውነት ነው ልጄ። እኔ ሽቦውን ራሴ ነው ያሠራሁት።

ቴክኒሻኑ፦
ኤሲ መግጠምና መጠገን እንጀራዬ ነው። ሁለት ነገር ላስተካክል።

ሪሞቱ ላይ ያለው ቁጥር የባጃጅ ጋዝ መስጫ አይደለም። 18 ስላልከው ቶሎ አያቀዘቅዝም። ማቆሚያ ነው። ውስጥ ያለችው ሴንሰር የክፍሉን አየር ትለካለች። ያዘዝከው ዲግሪ ላይ ሲደርስ ኮምፕረሰሩን፣ ማለትም የሚያቀዘቅዘውን ሞተር፣ «አረፍ በል» ትለዋለች። ክፍሉ ከ32 ወደ 26 እስኪወርድ የሚፈጀው ጊዜ፣ 18 አልክም 26 አልክም ያው ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። 26 ያልከው ያርፋል፤ 18 ያልከው ይቀጥላል። ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ሥር ደግሞ 18 መቼም አይደርስም፤ ሲለፋ ይውላል። ኢንቨርተር የሚባለው፣ የሞተሩን ፍጥነት ራሱ የሚቀያይረው ዓይነትም ቢሆን፣ ፍጥነቱን የሚቀንሰው ወዳዘዝከው ዲግሪ ሲጠጋ ነው። ካልተጠጋ ምኑን ይቀንሳል?

ነፋሻው፣ «ሲነሳ ነው የሚበላው» ያልከው የተለመደ ወሬ ነው። ሲነሳ ብዙ ይስባል፤ ግን ለቅጽበት ነው። ቆጣሪ ላይ ከቁጥር አይገባም። የሚያፈስ በርሜል አስብ። ቀኑን ሙሉ ውሃ እየጨመርክ ሙሉ አድርገህ ልታቆየው ትችላለህ። ወይ ይጉደል ብለህ ትሄድና ማታ ስትመለስ ትሞላዋለህ። በርሜል ሲጎድል ማፍሰሱም ይቀንሳል። ስለዚህ ሁለተኛው ያነሰ ውሃ ይፈጃል። ቤትም እንደዚያ ነው። ውስጡ በቀዘቀዘ ቁጥር የውጭው ሙቀት በኃይል ይገባል፤ ውስጡ ሲሞቅ መግባቱ ይቀዘቅዛል። ሱቅ ደርሼ ልምጣ ስትል አታጥፋ። ሥራ ስትሄድ ግን አጥፋ።

ነፋሻው፦
እሺ፣ በርሜሉ ገባኝ። ግን ማታ ስመለስ ቤቱ እሳት ሆኖ ይጠብቀኛል። ላቤን እየጠረግኩ ግማሽ ሰዓት ልቀመጥ?

ቴክኒሻኑ፦
ሪሞቱ ላይ ታይመር የሚል አለ። ከመግባትህ ግማሽ ሰዓት በፊት እንዲነሳ ሙላው። ከገዛኸው ጀምሮ ነክተኸው ታውቃለህ?

የመንትዮች እናት፦
ኧረ እሱን ታይመር አታንሱብኝ! ከሥራ የምገባው 11 ሰዓት ተኩል ነው። እኔም ሞኟ፣ መነሻውን 11፡00 ብዬ ሞላሁ፤ ማታ ነው ብዬ የማታውን ምልክት መረጥኩ። ስገባ ቤቱ እንደ ዳቦ ቤት ይግላል። ኤሲው ጭጭ ብሏል። ተበላሽቷል ብዬ ተኛን። ለካ የገጠመው ልጅ የሪሞቱን ሰዓት በፈረንጅ ሞልቶታል። የነሱ ማታ 11 የኛ ሌሊት 5 ነው። ሁላችንም እንቅልፍ ላይ ሳለን ብድግ ብሎ 20 ዲግሪ ላይ ይነፍሳል። ሦስት ቀን ሙሉ በሚያዝያ ጋቢ ደርበን አደርን። አንዱ ልጅ ማሳል ሲጀምር ነው ተነስቼ አረንጓዴዋን መብራት ያየኋት።

ቴክኒሻኑ፦
ይሄን ስንት ሰው ጠርቶኛል መሰለሽ እህቴ! ጋዝ አልቋል ይሉኛል። ስሄድ ሰዓት ነው። የሪሞቱን ሰዓት ወይ በሀበሻ ወይ በፈረንጅ ሙሊና በዚያው ጽኚ። ኤሲው ምን ገዶት። መብራት ሄዶ ሲመጣ ግን ብዙዎቹ የተሞላላቸውን ይረሳሉ፤ እንደገና ሙሊ።

ተማሪው፦
ወደ ጥያቄው እንመለስ። እትዬ የጻፉት እኮ አዲስ ነገር አይደለም። ስፔን በፈረንጆች 2022 በሕግ አውጥታው ነበር፤ ማቀዝቀዣ ከ27 በታች አይደረግም ብላ። ጃፓን ከ2005 ጀምሮ ቢሮዎች ክራቫታቸውን አውልቀው 28 ላይ እንዲሠሩ ትቀሰቅሳለች። ሕንድ ደግሞ ከ2020 ጀምሮ አዲስ ኤሲ ሲበራ 24 ላይ እንዲነሳ አድርጋለች። የኛ እትዬ በ25 ለጋስ ናቸው።

ባለጉዳዩ፦
ስፔን ያወጣችው ለመሥሪያ ቤት፣ ለሱቅ፣ ለመሳሰለው ነው። መኖሪያ ቤት አልገባችም። ጃፓንም ያደረገችው ምክር ነው፣ ቅጣት የለውም። ሕንድ 24 ላይ ይነሳ አለች እንጂ ሰውየው ቁልቁል ቢጫነው ማን ይከለክለዋል? አየህ፣ ያመጣኸው ምሳሌ ሁሉ ለኔ ነው የሚመሰክረው።

ተማሪው፦
አሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴሩ በቀን ለ8 ሰዓት ቴርሞስታቱን (የዲግሪ መቆጣጠሪያውን) ከ4 እስከ 6 ዲግሪ ለወጥ ማድረግ በዓመት እስከ 10 በመቶ ይቆጥባል ይላል። ይሄስ?

ቴክኒሻኑ፦
የነሱ ቤት ክረምት ላይ ይሞቃል፣ በጋ ላይ ይቀዘቅዛል፤ 10 በመቶው የሁለቱን አንድ ላይ ነው። እኛ ጋ ማሞቂያ የለም። መንገዱ ትክክል ነው፣ ቁጥሩን ግን ለአዳማ አትዋሰው።

አከራይ ነኝ (የሌላ ግቢ)፦
እስቲ እኔም ልናገር፤ አከራይ ሁሉ ጅብ አይደለም። የኔ ግቢ ሽቦ ሲዘረጋ ለአምፖል፣ ለቴሌቪዥንና ለምጣድ ተብሎ ነው። ኤሲ የሚባል በሐሳባችንም አልነበረም። አሁን መብራት ሄዶ ሲመጣ አራት ኤሲ፣ ሁለት ምጣድ፣ ፍሪጅ ሁሉ እኩል ይነሳል። ዋናው ብሬከር ይወርዳል። ባለፈው መያዣው ላይ ፕላስቲኩ ቀልጦ አገኘሁት። ሲቃጠል የማን ቤት ነው የሚቃጠለው? ስለ ዲግሪው አልከራከርም። ስንት ኤሲ በአንድ መስመር ላይ እንደሚገባ ግን አከራይ መናገር አለበት።

ባለጉዳዩ፦
ይሄ ያስኬዳል። እሱን ቢለጥፉ ኖሮ እፈርም ነበር።

ሒሳብ ሠሪው፦
ሁላችሁም ዲግሪው ላይ ተንጠልጥላችኋል። ችግሩ ያለው ቆጣሪው ላይ ነው።

የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን ነው። በወር 50 ኪሎዋት ሰዓትና ከዚያ በታች የሚጠቀም ርካሹን ዋጋ ይከፍላል። ከ500 በላይ የሄደ የመጨረሻው እርከን ላይ ይወድቃል። አሁን የናንተን ግቢ እንየው። ማንም ኤሲ የለውም እንበል። እያንዳንዱ ቤት 80 ብቻ ይጠቀም። ስምንት ጊዜ 80፣ 640። አያችሁ? ስምንት ቆጣቢ ሰው አንድ ላይ ሲቆጠር አንድ ትልቅ በላተኛ ሆነ። ኤሲው ሳይገባም እላይኛው እርከን ላይ ናችሁ። ከዚያ ላይ ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ለአራት ዓመት እንዲሄድ ተወስኗል። ቢሉ ያሻቀበው በኤሲ ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው የባሰ ነው። ለስምንት የሚካፈል ቢል ላይ፣ አንተ 8 ብር ብትጨምር ካንተ ኪስ የሚወጣው 1 ብር ነው። 7ቱን ጎረቤት ይከፍልልሃል። 26 ላይ አድርገህ 8 ብር ብታድንም የምታገኘው 1 ብር ነው። በዚህ ዓይነት ማን ተነስቶ ሪሞት ይፈልጋል? እትዬ ወረቀት የለጠፉት ለዚህ ነው፤ ቆጣሪው የማይሠራውን ሥራ በወረቀት ሊያሠሩት። አንተ «ቢሉን እከፍላለሁ» ያልከው እኮ አንድ ስምንተኛውን ነው ወንድሜ።

ባለጉዳዩ፦
ይቺ ነካችኝ። እውነቱን ልናገር፣ እስካሁን 19 ላይ ነበር የማደርገው። የራሴ ቆጣሪ ቢሆን አላደርገውም።

ነፋሻው፦
ተጋለጠ!

የመንትዮች እናት፦
«ከ4 ሰዓት በኋላ አይበራም» የሚለውስ? ልጅ ያለው ሰው ምን ይሁን?

ቴክኒሻኑ፦
እሱ ላይ እትዬ ተሳስተዋል። ከፀሐይ መግቢያ በኩል ያለ ብሎኬት ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ነው የሚተፋው። 4 ሰዓት ላይ አየሩ ውጭ ቀዝቅዞ ቤቱ ውስጥ ገና ይግላል። 26 ላይ አድርጎ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ እንዲጠፋ ታይመር መሙላት ይበቃል። ከዚያ በኋላ ሙቀቱ ራሱ ይወርዳል። ቀን ደግሞ ወፍራም መጋረጃ፤ ከተቻለም ከመስኮቱ ውጭ ጥላ። ፀሐይ መስታወቱን ካለፈች በኋላ መጋረጃው የሚረዳው በግማሽ ልብ ነው። ፊልተሩንም አጽዱ። ትናንት ያጸዳሁት አንድ ፊልተር አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ተገፎ ነው የወጣው። ባለቤቱ አይቀዘቅዝም እያለ 16 ላይ አድርጎት ነበር።

እግረ መንገዴን፣ ኤሲ ላይ ብቻ አትጩኹ። 50 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማሞቅ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። አንድ ባለ 12 ሺህ ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ ነው) ኤሲ ኮምፕረሰሩ ሳያርፍ ሁለት ሰዓት ያህል ቢሠራ ነው ያን የሚፈጀው። ቦይለርም ቴርሞስታት አለው፣ ከሥሩ ክዳኗ ውስጥ። 75 እና 80 ላይ ተደርጎ ቀንና ሌሊት የሚበራ ቦይለር ስንት ቤት አይቻለሁ። 60 ላይ አድርጉት፤ ከዚያ በታች ካወረዳችሁት ባክቴሪያ ሊያፈራ ይችላል። ከመታጠባችሁ በፊት አብሩ፣ ሲጨርስ አጥፉ።

ባለጉዳዩ፦
በቃ ወስኛለሁ። ነገ እትዬ ጋ እሄዳለሁ። ወረቀቱን ያንሱት፤ በምትኩ ለእያንዳንዱ ቤት የውስጥ ቆጣሪ ይግባ። እርከኑን ባይለውጠውም ማን ስንት እንደበላ ይታወቃል። የቆጣሪውን ዋጋ ለስምንት እንካፈላለን።

ጡረተኛው፦
ለስምንት? ቆይ ቆይ። ኤሲ የሌለው ሰው የሌለውን ነገር ለመቁጠር ለምን ያዋጣል? ሦስቱ ባለ ኤሲዎች ይክፈሉ።

ባለጉዳዩ፦
ጋሼ፣ ቅድም ቦይለር አለኝ ብለዋል።

ጡረተኛው፦
አዎ፣ ታዲያ?

ባለጉዳዩ፦
ሌሊት ስወጣም ስገባም ቀይ መብራቷ በመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ትታያለች። አንድም ቀን ጠፍታ አላየኋትም።

ጡረተኛው፦
አንተ ማነህ?

ባለጉዳዩ፦
ከላይዎት ያለሁት ነኝ ጋሼ።

ጡረተኛው፦
በል ውረድና ቡና ጠጣ፤ አሁን ነው የተፈላው። በቆጣሪው ዋጋ ግን አልተስማማሁም።