ውጭ ሀገር ማስተርስ ለመማር ከየት ልጀምር?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁም። ዘንድሮ በኮምፒውተር ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪዬን እጨርሳለሁ። ከዚያ ውጭ ሀገር ማስተርስ መማር በጣም እፈልጋለሁ። ውጤቴ ጥሩ ነው፤ ቤተሰቦቼ ግን የመክፈል አቅም የላቸውም። ከአሜሪካ፣ ከእንግሊዝና ከጀርመን የቱን እንደምመርጥ መወሰን አቅቶኛል። አንድ ኤጀንት ደግሞ «ቅድሚያ ከከፈልሽ አድሚሽኑንም ቪዛውንም እኔ እጨርስልሻለሁ» ብሎኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ? የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተናውን፣ አይኤልትስንስ፣ መቼ ልፈተን?

መልስ 1
እህቴ፣ እባክሽ ለዚያ ሰው ምንም እንዳትከፍዪ። ቪዛ የሚሰጠው መንግሥት ነው፤ አስቀድሞ «እጨርሳለሁ» ማለት የሚችል ሰው የለም። አድሚሽኑንም ራስሽ በዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ማመልከት ትችያለሽ። ኤጀንት ሁሉ አታላይ ነው ማለቴ አይደለም። ግን የምታመለክቺበት ኢሜይልና የይለፍ ቃሉ እሱ እጅ ከሆነ፣ ዩኒቨርሲቲው የሚልከውን መልስ ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው። ፎርጅድ የባንክ ወረቀት ቢያስገባ ደግሞ ጣጣው የሚተርፈው ላንቺ ነው። እንግሊዝ በሐሰተኛ ሰነድ ያመለከተን ሰው እስከ 10 ዓመት ድረስ ቪዛ ልትከለክል ትችላለች።

መልስ 2
እኔ ከሀገሩ በፊት ገንዘቡን አስቢ ነው የምለው። ጀርመን ውስጥ አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ የላቸውም፤ በየሴሚስተሩ አነስተኛ መዋጮ ብቻ ነው የሚጠይቁት። የባደን ቩርተምበርግ ክልል ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሚመጡ ተማሪዎች በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይቀበላል። «ነጻ ነው» ሲባል ብዙ ሰው የሚረሳው የመኖሪያውን ነው። ለቪዛ የአንድ ዓመት ወጪ ማሳየት አለብሽ። አብዛኛው ተማሪ ይህን የሚያሳየው ብሎክድ አካውንት (ገንዘቡ ተይዞ በየወሩ ብቻ የሚለቀቅበት የባንክ ሂሳብ) ከፍቶ ነው። ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ የሚፈለገው 11,904 ዩሮ ሲሆን እዚያ ከደረስሽ በኋላ በየወሩ 992 ዩሮ ይለቀቅልሻል። ሙሉ ስኮላርሺፕ ካገኘሽ ግን የስኮላርሺፑ ደብዳቤ በቂ ነው። መጠኑ ስለሚቀያየር ከማመልከትሽ በፊት የኤምባሲውን ገጽ ተመልከቺ።

እንግሊዝም ጥብቅ ናት። ለቪዛ የምታሳዪው ገንዘብ ከተጠየቀው በታች ሳይወርድ ለ28 ተከታታይ ቀናት ባንክ መቀመጥ አለበት።

መልስ 3
አሜሪካን ካሰብሽ ማስተርስ የግድ ነው ወይ ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። እዚያ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ለፒኤችዲ ይቀበላሉ። በአንቺ ሙያ ደግሞ ፒኤችዲ አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ክፍያውን ሸፍኖ የኪስ ገንዘብም ይሰጣል። ማስተርስ ላይ እንዲህ ያለ ድጋፍ ማግኘት ከባድ ነው። ምርምር የምትወጂ ከሆነ እኔ ብሆን ይሄን አስቀድም ነበር።

ስኮላርሺፕ ስትፈልጊ መስፈርቱን እስከ መጨረሻው አንብቢ። ቺቭኒንግ የሚባለው የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ለምሳሌ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ገና ለተመረቀ ሰው አይሆንም። ኢራስመስ ሙንደስ ግን ከአንድ በላይ ሀገር የሚያስተምር፣ የአውሮፓ ኅብረት ስኮላርሺፕ ያለው የማስተርስ ፕሮግራም ነው፤ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎችም ያመለክታሉ።

መልስ 4
አይኤልትስ የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ነው። ስለዚህ አሁን ብትፈተኚ አይባክንም፤ ውጤቱ ካነሰም ለመድገም ጊዜ ይኖርሻል። አደራ የምልሽ ግን ስምሽን ነው። ፓስፖርትሽ፣ ትራንስክሪፕትሽና የፈተና ምዝገባሽ ላይ በፊደል እንኳ እንዳይለያይ። አንዱ ላይ ሁለት «ኤስ»፣ ሌላው ላይ አንድ «ኤስ» ካለ ሬጅስትራር ሄደሽ ዛሬውኑ አስተካክዪ። ኋላ ጊዜው ሲጣበብ በጣም ያስጨንቃል።

ሪኮመንዴሽን የሚጽፉልሽን መምህራንም አሁን አነጋግሪ። የመመረቂያ ሥራሽን ያማከረሽ መምህር ከማንም ይበልጣል።

ጠያቂ
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ! ኤጀንቱን ትቼዋለሁ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ ዲግሪዬ ሳይሰጠኝ የማመልከቻው ጊዜ ካለፈስ?

መልስ 4
አትጠብቂው፣ አሁኑኑ አመልክቺ። እስካሁን ያለውን ትራንስክሪፕትና መቼ እንደምትመረቂ የሚገልጽ ደብዳቤ ከሬጅስትራር አውጪ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ ተመርኩዘው በቅድመ ሁኔታ ይቀበሉሻል፤ ዲግሪውን ከምዝገባ በፊት ታቀርቢያለሽ።