የጅቡቲን ገበያ እናጥና፦ የጋራ ፕሮፖዛላችንን እዚሁ እንጻፈው

ጸሐፊው፦
ሰላም ናችሁ፣ የድሬዳዋ ነጋዴዎች ማኅበራችን አባላት። ባለፈው ስብሰባ በተስማማነው መሠረት ለንግድ ቢሮ የምናስገባውን ፕሮፖዛል እዚህ እናርቅቅ። ሐሳቡ አጭር ነው። ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ማንጎ በጋራ ወደ ጅቡቲ መጫን ከመጀመራችን በፊት አራት ሰው ልከን ገበያውን እናጥና። ግማሹን ወጪ ከማኅበሩ ካዝና እናወጣለን። ግማሹን ቢሮው እንዲደግፈን እንጠይቃለን።

መነሻ እንዲሆነን የማውቀውን ላስቀምጥ። ጅቡቲ ሕዝቧ ወደ 1 ሚሊዮን ነው፤ አብዛኛው የሚኖረው በዋና ከተማዋ ነው። ሊታረስ የሚችል መሬቷ ከ1 በመቶ በታች ስለሆነ የምትበላውን ከሞላ ጎደል ከውጭ ታስገባለች። የምትተዳደረው በወደቡ፣ በአገልግሎትና ለውጭ የጦር ሰፈሮች በምታከራየው ቦታ ነው። አሜሪካ፣ ፈረንሳይ፣ ቻይና፣ ጃፓንና ጣሊያን ሁሉም እዚያ ጦር ሰፈር አላቸው። ስለዚህ ቲማቲማችንን የሚገዛው አንድ ዓይነት ሰው አይደለም። ከጉሊት በኪሎ የምትገዛ እናት አለች። ሆቴል አለ። ለመርከብ ስንቅ የሚያቀርብ ነጋዴ አለ። አንዱ ርካሽ ይፈልጋል፤ ሌላው ዋጋው ቢወደድም አንድ ወጥ መጠንና የተሟላ ወረቀት ይጠይቃል። እኛ የምንጭነው ለየትኛው ነው? እስካሁን ይሄን ተቀምጠን ተነጋግረን አናውቅም።

ከአሸዋ ገበያ፦
ጸሐፊያችን፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ጅቡቲን እኛ ድሬዎች ካላወቅናት ማን ያውቃታል? ባቡሩ ድሬ ከገባበት ከ1902 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እኮ አንድ ቤት ነን። አጎቴ እዚያ ነው ያለው። ሶማሊኛውንም ብዙዎቻችን እንናገራለን። ገንዘቡን ለጥናት ከምናወጣ አንድ መኪና ብንጨምርበት ይሻላል ባይ ነኝ።

ከሳቢያን፦
ወንድሜ፣ እኔም እንዳንተ ነበር የማስበው። አምና ሐምሌ ላይ ቲማቲም አስጭኜ ላክሁ። መኪናው ሐሙስ ማታ ደረሰ። ዓርብና ቅዳሜ የእነሱ የዕረፍት ቀን መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ገበያ መቼ ይዘጋል ብዬ ነገሩን ተውኩት። ገበያው እውነትም አልተዘጋም። የተዘጋው ወረቀቱን የሚጨርስልኝ ትራንዚተር ቢሮ ነው። መኪናዬ እሁድ ጠዋት ድረስ ቆመ። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነበር። ሹፌሩ ሸራውን ገልጦ በስልክ ሲያሳየኝ ከታችኞቹ ሳጥኖች ቀይ ውሃ ይንጠባጠባል። የተረፈው ከላይ ያለው ሦስት ረድፍ ብቻ ነው። ያንን ዕዳ ገና ከፍዬ አልጨረስኩም። እኔም እዚያ እህት አለችኝ፤ ዘመድ መኖሩ ግን አላዳነኝም።

ከታይዋን ገበያ፦
እግዜር ይካስህ ወንድሜ።

የሰዓቱንም ነገር ረቂቁ ላይ አስገቡልኝ። አንድ ደንበኛዬ አማርኛ አሳምሮ ይችላል። «በሦስት ሰዓት ይድረስ» አለኝ። ሹፌሬ ጠዋት በሦስት ሰዓት ከተፍ አለ። ሰውየው ያለው ግን በእነሱ አቆጣጠር ነው፤ በኛ ዘጠኝ ሰዓት መሆኑ ነው። ልጁ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆመ። ከዚያ ወዲህ «ጠዋት ነው ከሰዓት?» ሳልል ስልክ አልዘጋም። ቀኑም እንደዚያው ነው። የነጻነት በዓላቸው በእነሱ ጁን 27፣ በኛ ሰኔ 20 ነው። ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን የያዘ የጭነት ካላንደር ይሠራልን። የረመዳን ወርም ይግባበት፤ የሥራው ሰዓት ያኔ ይለወጣል።

ጫት ከኛ በኩል ደርሶ ከታደለ በኋላ ከተማው ጸጥ ማለቱን ለናንተ መንገር አያስፈልግም፤ ድሬም ያው ነች። ብቻ ቁም ነገር ያለው ጉዳይ ከቀትር በፊት ይለቅ። ደግሞ ሶማሊኛ እንችላለን ብላችሁ አትዘናጉ። አፋሮችም አሉ፣ የመናውያን ነጋዴዎችም አሉ። ዋጋ ከማንሳታችሁ በፊት ስለ ልጆቹና ስለ ቤቱ ጠይቁ። እኔ ዱቤዬ ሁሉ የሚመለሰው በዚያ ነው።

ሒሳብ ያዥዋ፣ ከከዚራ፦
ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛው ገንዘቡ ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው። ከ1973 እ.ኤ.አ. ወዲህ 1 ዶላር 177.721 ፍራንክ ነው፤ አይነቃነቅም። የኛ ብር ግን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ምንዛሪው በገበያ ይወሰናል። በብር ዋጋ ቆርጦ ለሦስት ወር ለማቅረብ የፈረመ ሰው፣ ብሩ ሲወርድ ነዳጁና የሳጥኑ ዋጋ ይንርበታል፤ ሽያጩ ግን በድሮው ዋጋ ይቀራል። ገዢው ምንም አልጎደለበትም፤ ለእሱ እንዲያውም ረከሰለት። ስለዚህ ውሉ በምን ገንዘብ ይሁን፣ ክፍያው በየትኛው ባንክ ይግባ የሚለው ከመጫናችን በፊት ይለይ። የኛ ባንኮች የሚጠይቁትን እኔ አጣራለሁ።

ሁለተኛው ቀላል ይመስላል፤ አንድ ሳምንት ግን አቃጥሎብኛል። ኢንቮይስ ላይ 2,500 ኪሎ ሽንኩርት ብዬ ጻፍኩ። የገዢው ሒሳብ ሠራተኛ ቁጥሩን አክብቦ መለሰልኝ። በፈረንሳይኛው አጻጻፍ ኮማ ማለት የኛ ነጥብ ነው። ሁለት ኪሎ ተኩል ሽንኩርት ብሎ ነው ያነበበው! የሥራ ቋንቋቸው ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ነው። ወረቀታችንን የሚያይልን ፈረንሳይኛ አዋቂ የግድ ያስፈልገናል።

ከአሸዋ ገበያ፦
የዓርቡ ነገር ገብቶኛል። ወንድሜ፣ ያን ያህል መጎዳትህን አልሰማሁም ነበር፣ አይዞህ። ፈረንሳይኛውን በተመለከተ ሩቅ አንሂድ። የድሮው ምድር ባቡር ሥራው በፈረንሳይኛ ነበር። ጎረቤቴ የባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ እስከ ዛሬ ሒሳባቸውን የሚይዙት በፈረንሳይኛ ነው። አነጋግራቸዋለሁ። እንደሳቸው ያሉ አባቶች ድሬ ውስጥ አሉልን፤ አክብረን እንክፈላቸው።

ግን አራት ሰው ይበዛል። አንዱ ደግሞ ሹፌር ካልሆነ አልስማማም። ድንበሩ ደወሌ ላይ የሚሆነውን ከቢሮ ሰው በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።

ጸሐፊው፦
ትክክል ነው። ረቂቁን እንዲህ አስተካክዬዋለሁ።

«ማኅበራችን ሦስት አባላትን፣ ማለትም አንዲት የገበያ ነጋዴ፣ አንድ ሹፌርና ሒሳብ ያዥዋን፣ በኅዳር ወር ለ15 ቀን ወደ ጅቡቲ ይልካል። ኅዳር የተመረጠው ሙቀቱ ስለሚበርድ ነው። ልዑኩ ሁለት ዓርብ እዚያው ያሳልፋል። በየቀኑ ጠዋትና ማታ የችርቻሮና የጅምላ ዋጋ በፍራንክ ይመዘግባል። ማን፣ ምን ያህል፣ በምን ዓይነት ማሸጊያና በምን አከፋፈል እንደሚገዛ ይጠይቃል። ሲመለስ ለሁሉም አባል በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ያስረዳል።»

አንድ ነገር ይቀረናል። ልዑኩ እስኪመለስ የግል ጭነት ይቁም ወይስ ይቀጥል?

ከሳቢያን፦
ይቀጥል። ሰው በዚያ ነው ልጆቹን የሚያበላው። ማኅበሩ ግን በስሙ አይጫን። ሐሙስ ማታ የሚደርስ ጭነትም ማንም አይላክ፤ ይሄ ይጻፍልኝ።

ሒሳብ ያዥዋ፣ ከከዚራ፦
ተጽፏል። የትራንስፖርቱን፣ የማደሪያውንና የአስተርጓሚውን ወጪ ለይቼ እስከ ረቡዕ አቀርባለሁ። እትዬ፣ ከሴቶቹ እርስዎ ቢሄዱ ብዬ አስቤ ነበር።

ከታይዋን ገበያ፦
እሄዳለሁ ልጄ። ፓስፖርቴም ጊዜው አላለፈም። ጻፉኝ።