በድሮ ዜና ውስጥ «ቶን» ሲባል የምን ቶን ነው?

ተርጓሚዋ፦
በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የወጡ የመርከብ ዜናዎችን እየተረጎምኩ ነው። «ቶን» የምትባል ቃል ሦስት ቀን ይዛኛለች። አሜሪካኖች በብዛት የሠሯቸው «ሊበርቲ» የሚባሉት የጭነት መርከቦች በአንዱ ዜና 7,000 ቶን ናቸው፤ በሌላው ከ10,000 ቶን በላይ ይሸከማሉ። ታይታኒክም አንድ ቦታ 46,000፣ ሌላ ቦታ 52,000 ነች። የማተሚያ ስሕተት መስሎኝ ቁጥሩን ላርመው ምንም አልቀረኝም ነበር። የትኛው ጋዜጠኛ ነው የዋሸው?

የድሮ መርከበኛ፦
ማንም አልዋሸም እኅቴ፤ ቁጥሩን እንዳትነኪው። 7,000 የተባለው ክብደት ሳይሆን ይዘት ነው። የመዝገብ ቶን ይባላል፤ አንዱ 100 ኪዩቢክ ጫማ ነው፣ ወደ 2.83 ሜትር ኩብ። ታይታኒክ በዚህ ስትለካ 46,328 ነች። 52,000 የተባለው ግን ተጭና ስትንሳፈፍ የምትገፋው ውኃ ክብደት ነው፤ ይኸውም ከነጭነቷ የራሷ ክብደት ማለት ነው። ሊበርቲ ትሸከማለች የተባለው 10,000 ደግሞ ሌላ ነው፤ ጭነቱ፣ ነዳጁ፣ ውኃውና ስንቁ ተደምሮ።

ይህን ከመጽሐፍ አልተማርኩትም። ጥጥ ስንጭን ቦንዳው እስከ ክዳኑ ድረስ ይጠቀጠቅና እጅ ማስገቢያ ይጠፋል፤ ወደ ውጭ ጎንበስ ብዬ ሳይ ግን የጭነት መስመሩ፣ ማለት በጎኗ ላይ የተሳለው የመጫኛ ልክ፣ ከውኃው በላይ ገና ብዙ ይቀረዋል። ብረት የጫንን ቀን ደግሞ የመርከቧ ሆድ ባዶ አዳራሽ መስሎ ድምፃችን እያስተጋባ፣ መስመሩ ውኃ ሊነካ ይደርሳል። ያው መርከብ፣ ያው ሆድ! አንድ ቁጥር ሁለቱን እንዴት ይናገር?

ቃሉ ራሱ ከወይን በርሜል የመጣ ነው። ድሮ መርከብ የሚለካው ስንት ትልቅ በርሜል ትይዛለች ተብሎ ነበር። በርሜል ቦታም ይይዛል፣ ይከብዳልም፤ ጣጣው ከዚያ ጀመረ።

ታሪክ ወዳድ፦
በጦር መርከብ ላይ ግን ዋሽተዋል! እ.ኤ.አ. በ1922 የዋሽንግተን ስምምነት ለትልቅ የጦር መርከብ 35,000 ቶን ጣራ ካስቀመጠ በኋላ ያ ቁጥር በየዜናው ይደጋገም ነበር። ጀርመኖች ቢስማርክ የተባለችውን የጦር መርከባቸውን 35,000 ነች አሉ፤ እውነቱ ከ41,000 በላይ ነበር።

የድሮ መርከበኛ፦
ልክ ነህ ልጄ፣ እሱ የፖለቲካ ቶን ነው። የጦር መርከብ በሚገፋው ውኃ ይለካል። የሰው ማመላለሻ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የመዝገብ ቶን ነው። ነዳጅ ጫኝ ከሆነ የመሸከም አቅሙን ይጽፉልሻል፤ እ.ኤ.አ. በ1967 በእንግሊዝ ጠረፍ ድንጋይ ላይ የወጣችው ቶሪ ካንየን ወደ 120,000 ቶን የተባለችው በዚህ ነው።

ተርጓሚዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባባ። ሰርጓጅ መርከቦች በወር ይህን ያህል ሺሕ ቶን አሰጠሙ የሚለውስ?

የድሮ መርከበኛ፦
የንግድ መርከብ ከሆነ የመዝገብ ቶን ነው። የሰጠሙት መርከቦች ይዘት ተደምሮ እንጂ የዕቃው ክብደት አይደለም። ባዶዋን የሰጠመችም እኩል ትቆጠራለች።

ተርጓሚዋ፦
እኔ «ይህን ያህል ቶን ዕቃ ባሕር ገባ» ብዬ ትናንት ልኬዋለሁ። አርታኢው ሳይተኛ ልደውል።